ገደቡ ሁለት ይላል

ላሊበላ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም የሻው፣

ከባሕር ማዶ ላለኸው ለአጎቴ ልጅ የእኛ ሰላምታ ይድረስህ። የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የአገሩንም ብርድ ያቅልልህ። እኛ ደኅና ነን። አባባም ከጉልበታቸው በቀር ደኅና ናቸው። ስለ ጉልበታቸው ስጠይቃቸው «እሱ ጡረታ ወጥቷል፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ» ይሉኛል።

የምጽፍልህ ስለ ጉባኤያቸው ነው። አንተን እንደ ልጃቸው አሳድገው ያስተማሩበት የድጓ ጉባኤ እየሳሳ ነው። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። የሙጃና የወገል ጤና ከተሞች ተማሪዎች ወይ መጥተው መመለሻ ያጣሉ፣ ወይ ጭራሽ ሳይመጡ ይቀራሉ። ስለዚህ «ትምህርቱን ልቅዳው፣ ልጆቹ መስመር ባለ ጊዜ ባሉበት ያውርዱት» ብዬ አባባን ለመንኳቸው። ክረምቱን ሙሉ እምቢ ሲሉ ከርመው ለመስቀል እሺ አሉ። ምን እንዳለዘባቸው አላውቅም፤ ምናልባት የእኔ ጭቅጭቅ ሳይሆን አይቀርም።

እሺታቸው ግን ከግዝት ጋር ነው፤ መቼም ታውቃቸዋለህ። «ድምፄ ከተማሪ ጆሮ እንዳይወጣ። ይህን ዜማ ከአያቴ ስቀበል ፊቴ ቆሞ ላልተማረ ሰው እንዳልሰጥ ተገዝቼ ነው። ያወጣው የተገዘተ ይሁን» አሉ። እኔ ቆሜ አሜን ብያለሁ። ሲስተሙን የምትዘረጋው አንተ ስለሆንክ አንተም በስልክ አሜን በል ብለዋል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ በምንከራየው ኮምፒውተር፣ ክላውድ ላይ፣ የምትከፍትልን ኮንቴይነር፣ ማለትም ፕሮግራሙና የአባባ ቅጂዎች ለብቻቸው ታጥረው የሚቀመጡባት ክፍል፣ አንድ የኔትወርክ ኢንተርፌስ፣ ማለትም አንድ መገናኛ፣ ብቻ ይኑራት። በዚያችም የይለፍ ቁልፍ የሰጠናቸው ተማሪዎች ካሉበት የውስጥ ኔትወርክ ጋር ብቻ ትገናኝ። ሁለተኛ ኢንተርፌስ ከተጨመረላት በዚያ በኩል ከሌላ ኔትወርክ ጋር ትገናኛለች፤ ያኔ ማን እንደሚሰማ አናውቅም። ደግሞ አለመጨመሩ ብቻ አይበቃኝም። ነገ አንዱ ቸኩሎ ወይም ተሳስቶ ይጨምራል። ለአንድ ኮንቴይነር የሚፈቀደው አንድ ነው ተብሎ ገደብ ይጻፍ፤ ሲስተሙ ራሱ ሁለተኛውን እምቢ ይበል። ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎቼ ላይ ሁልጊዜ የምጮኸው ይህንኑ ነው።

ለአባባ ሳስረዳቸው «ኮንቴይነር» የሚለውን ሰምተው «የአብደላ ሱቅ?» አሉኝ። አብደላ ከአደባባዩ በታች የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ስኳርና ባትሪ የሚሸጠው ነው። እንደሱ ያለ ነው፣ ግን በዓይን አይታይም አልኳቸው። «በሩስ ስንት ነው?» አሉ። አንድ አልኳቸው። «ደግ» ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሰብሌ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሰብሌ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። የአባባ ጸሎት እዚህ ድረስ ይደርሳል መሰለኝ ብርዱ ገና አልጠናብኝም፤ የለበስኩት ካፖርት ግን ከእኔ ከራሴ ይከብዳል።

ያልሽው ሁሉ ተሠርቷል። ኮንቴይነሯ ተከፍታለች፤ ለአንድ ኮንቴይነር አንድ ኢንተርፌስ ብዬ ገደቡንም ጽፌያለሁ። ያው እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ላንቺም ከእኔ እኩል የአስተዳዳሪ መግቢያ ከፍቼልሻለሁ። ሁለተኛ ለመጨመር ሞክሪ፤ ሲስተሙ እንደ አባባ ፊቱን ያጠቁርብሻል። ያን ቁጥር መለወጥ የምንችለው ሁለታችን ብቻ ነን።

ለአባባ ደውዬላቸው ነበር። ሲገዝቱኝ ቢሮ ነበርኩ፤ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ አሜን አልኩ። ባልደረቦቼ ምን ነካው ብለው አዩኝ። እኔ ግን ድምፃቸውን ስሰማ እንደገና መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ «ጉሮሮህን አትቆልፍ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ሰብልዬ፣ እውነቴን ነው፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጾመ ድጓውን በአያታቸው ስልት የሚያዜሙትን መቼ ነው የምትቀጂው? እሱን ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። እሱ እንዳይቀር አደራ።

አክባሪ ወንድምሽ የሻው


ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም የሻው፣

እንደምን ሰነበትክ? የጽዮን ማርያም ጥላ ትሁንህ። ጠፋች እንዳትለኝ፤ መስመር ተቋርጦ ነው የዘገየሁት። ትላንት ሲመጣ ግማሹ ከተማ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ቆሞ ነበር።

ሥራህ ይባረክ! ልጆቹ ማውረድ ጀምረዋል። ከወገል ጤና አንዱ ደውሎ «የኔታ ከበግ በረት አጠገብ ሆነው እያስተማሩኝ ነው» ሲል አባባ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሁለተኛ ኢንተርፌስ ለመጨመርም ሞክሬ ነበር። አይፈቀድም ብሎ መለሰኝ። ብቻዬን ኮምፒውተር ላይ ሳቅኩ፤ በእምቢታ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አቀዳዳቸው የራሳቸው ነው። አንድ ቃል ያዜማሉ፤ «አሁን አንተ» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ተማሪው ፊታቸው ያለ ይመስል ይጠብቁታል። ዝምታውን ልቁረጠው ብላቸው «ታዲያ ልጁ የት ላይ ይመልስ?» አሉኝ። ከፋለ የሚባል ከሙጃ የመጣ ረጅም ደቀ መዝሙር አላቸው፤ ስንቀዳ አጠገባቸው ይቀመጣል። እሱንም በመሐል «ከፋለ፣ አፍህን ክፈት፤ ዝንብ አይገባብህም» ይሉታል፤ እሱም አብሮ ተቀድቷል። የጎረቤት ዶሮም አለ።

ጾመ ድጓውን ገና ካለፈ በኋላ ሊሰጡን ቃል ገብተዋል። እኔ በዕድሜያቸው እፈራለሁ። ያ ዜማ ከእሳቸው ጋር አፈር ቢገባ ራሴን ይቅር አልልም።

እህትህ ሰብሌ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሰብሌ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል።

ቅጂዎቹ ግሩም ናቸው። ከእንግዲህ ግን ትንሽ ጠራ ቢሉ ጥሩ ነው። ዶሮው አይሰማ። የተማሪ ስም ባይጠሩ ይሻላል። ዝምታውንም እንደምንም ብለሽ አሳጥሪው። አባባ ካባቸውን ለብሰው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከኋላቸው እየታየ አንድ ፎቶ ብታነሺልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። ዜማውን ከማን እንደተቀበሉ፣ ለሌላ ሰው ሰጥተው ያውቁ እንደሆነም ጠይቂልኝ። ለእኛው ማስታወሻ እንዲሆን ነው።

ስለ ገደቡ አታስቢ። ጾመ ድጓውን እንዳትረሺ።

የሻው


ላሊበላ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየሻው፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ። ፎቶውን ልኬልህ እንኳን ደረሰኝ አላልክም።

የሆነውን ልንገርህ። በገና ማግስት ከፋለና እኔ ከቤተ ማርያም ተሳልመን ስንወጣ አንዲት ባንቺዓለም የምትባል፣ ከውጭ አገር የመጣች ተሳላሚ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ለጓደኞቿ ከስልኳ ዜማ ታሰማለች። የአባባ ድምፅ ነው። መምህራን ድምፃቸው ይመሳሰላል እያልኩ ልቤን ላታልለው ስሞክር ስልኩ «ከፋለ፣ አፍህን ክፈት» አለ።

ከፋለ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብሎ «እሺ የኔታ» አለ።

ከዚያ ዝምታው መጣ። ልጆቻችን የሚመልሱበት ዝምታ። የሴትዮዋ ጓደኞች በዚያ ውስጥ እየተሳሳቁ እንደመጣላቸው አዜሙበት። እሷን አልተቆጣኋትም፤ እሷ ምን አጠፋች? «ከመተግበሪያ ላይ ነው ያገኘሁት፤ አየሽ፣ እኚህ አባት ናቸው» ብላ ፎቷቸውን አሳየችኝ። እኔ ያነሳሁት ነው። ካባውን እኔ ነኝ ያስተካከልኩላቸው።

መስመር ሲመጣ ገብቼ አየሁ። ገደቡ ሁለት ይላል። ኮንቴይነሯም ሁለት ኢንተርፌስ አላት። አንዷ ወደ ልጆቹ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ወዴት እንደምትሄድ አንተ ንገረኝ። ኮንቴይነር ለራሷ ኢንተርፌስ አትጨምርም፤ ገደብም በራሱ አያድግም። ይህን ቁጥር መለወጥ የምንችለው ሁለታችን ብቻ ነን ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። እኔ አልነካሁትም።

አባባ ገና አልሰሙም። ከፋለ አፉን እንዲይዝ ለምኜዋለሁ፤ ግን እሱ ከየኔታ የሚደብቅበት ሆድ የለውም። ቶሎ መልስልኝ። ሌላ ምክንያት ካለው ንገረኝ፤ አምንሃለሁ።

ሰብሌ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሰብሌ፣

የእመቤታችን ረድኤት አይለያችሁ። ለመዘግየቴ ይቅርታ፤ በሥራ ተወጥሬ ነው።

ነገሩን ከሚገባው በላይ አክብደሽዋል። ሁለተኛዋ ኢንተርፌስ የተጨመረችው ለመጠባበቂያ ቅጂ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ። ለእሱም ገደቡ ከፍ ማለት ነበረበት። እዚህ መሥሪያ ቤት የዜማ ማስተማሪያ መተግበሪያ የሚሠራ ቡድን አለ፤ ሰሙትና ወደዱት። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲህ ሆነ። እኔም በዚህ ሥራ ላይ እንጀራዬ አለ፤ የቡድኑ ኃላፊ አድርገውኛል።

እስኪ አስቢው፤ አባባ ያረጃሉ። ድምፃቸው በወገል ጤና በረት ውስጥ ከሚቀር ዓለም ቢሰማው ምን ይጎዳል? ስንቱ ሰው ሰምቶ አገራችሁን ልይ አለ መሰለሽ። ግዝቱም ቢሆን ለክፉ ነገር የተባለ ነው፤ ይሄ ክፉ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አባባ ቅጂዎቹን ፈቅጃለሁ የሚል ወረቀት ላይ ቢፈርሙልኝ ሁሉም ነገር ሕጋዊ ይሆናል። ገደቡን በቅርቡ እመልሰዋለሁ።

የሻው


ላሊበላ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየሻው፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልህ። ጤናህን አልጠይቅህም፤ ደኅና እንደሆንክ ከደብዳቤህ ገብቶኛል።

«ነገሩ እንዲህ ሆነ» ትላለህ። ነገሩ አልሆነም የሻው፤ አንተ አደረግከው። ቁጭ ብለህ አንድ የሚለውን አጥፍተህ ሁለት ጻፍክበት። ከዚያ ነው ዶሮው አይሰማ፣ ዝምታው ይጠር፣ ካባ ይልበሱ ያልከኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ የጎረቤት ዶሮ እያባረርኩ ስቀዳልህ ከረምኩ። ከድተኸኛል። ከዚህ የለሰለሰ ቃል ፈልጌልህ አጣሁ።

ገደቡን ራሴ ወደ አንድ መልሼዋለሁ። ሁለተኛዋንም ነቅያታለሁ። እኩል ሥልጣን ሰጥተኸኝ ስለነበር ያንተን መግቢያ ወደ ተራ አድማጭ አውርጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ ቁጥሩን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ገደብ ነገ የሚወጣውን ይከለክላል እንጂ ትላንት የወጣውን አይመልስም። የወጣውን ማስጠፋት ያለብህ አንተ ነህ።

አባባ ሰምተዋል። ከፋለ ሳይነግራቸው ጾም መያዝ አቅቶት እግራቸው ላይ ወድቆ ነገራቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «ድምፄስ ይሁን፤ አፈር የሚበላው ነው። ልጁ ግዝት አፍርሶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?» አሉ። ጾመ ድጓውን ግን አይሰጡንም። መቅጃውን ሳወጣ በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። በማግስቱ ያን ጉልበታቸውን ይዘው ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም፣ ወደ አሸተን ማርያም ወጡ። በቅሎ ብናቀርብላቸው እምቢ ብለው፣ ከፋለን ተደግፈው፣ በየድንጋዩ እየተቀመጡ ነው የወጡት። ሱባኤ የያዙት ላንተ ነው።

ጉባኤው ተበትኗል። ሲወጡ እኔን ቀና ብለው አላዩኝም፤ በፊታቸው ቆማ አሜን ያለች እኔም ነኝና። ይህን ያደረግክብኝ አንተ ነህ።

ሰብሌ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ሰላም የምልሽበት ፊት የለኝም፤ ግን ሰላም ላንቺ ይሁን።

ልክ ነሽ፤ አደረግሁት። ምክንያት አላበዛም። መተግበሪያው ላይ ያለውን አስጠፋለሁ፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ አስጠፋለሁ። አባባ በየድንጋዩ እየተቀመጡ ወጡ ያልሽው ከዓይኔ አልጠፋም አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ ወባ ይዞኝ እሳቸው በጀርባቸው አዝለው ወደ ጤና ጣቢያ ያወረዱኝን አንቺም ታስታውሻለሽ። ያን ጀርባ ነው የካድኩት።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይፍቱኝ። እዚህ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ደጇ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ግዝት ላይ ሆኜ አልገባም። ልምጣ እንዳልል የመኖሪያ ወረቀቴ በእድሳት ላይ ነው፤ ከወጣሁ አልመለስም። በድምፃቸው ይፍቱኝ፤ አንቺ ቀድተሽ ላኪልኝ። ስሜን ጠርተው ይፍቱኝ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማ።

ብትጠይኝም እህቴ ነሽ።

በደለኛው ወንድምሽ የሻው


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም የሻው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ! ደብዳቤህን አንብቤ አልቅሻለሁ። ተናድጄ የጻፍኩትን ሁሉ ባትረሳውም እለፈው።

አባባ ለፋሲካ ወርደዋል፤ ከስተዋል እንጂ ደኅና ናቸው። የጻፍከውን ነገርኳቸው። መጀመሪያ «የተገዘተ ሰው ፊቴ ካልቀረበ አልፈታም፤ ሥርዓቱ አይደለም» አሉ። በሥርዓት እንዴት እንደሆኑ ታውቃለህ፤ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። ጠዋት ግን ቡና እንኳ ሳይቀምሱ ጠሩኝ። «ያን ዕቃሽን አምጪው» አሉኝ።

ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ስልኩን መደቡ ላይ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ አስቀምጪው አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ሰው ራስ ላይ እንደሚያደርጉት፣ እጃቸውን ስልኩ ላይ ጫኑ። «ልጄ የሻው፣ ያሰርኩህ እኔ ነኝ፤ ፈትቼሃለሁ። ከደጅ አትቁም፣ ግባ። አሁን አንተ» አሉና ዝም አሉ። አሜን እንድትል ነው። እጃቸውን ሳያነሱ ረጅም ጊዜ ጠበቁህ። ዝምታውን አልቆረጥኩትም።

እኔንም ያን ዕለት ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ያሾፉብኛል። ጉባኤውን ግን ገና አልከፈቱም፤ መልስህን የሚጠብቁ ይመስለኛል።

ቅጂውን ከትምህርቶቹ ጋር በዚያችው ኮንቴይነር አስቀምጬዋለሁ። ገደቧ አንድ ነው፤ በአድማጭ ቁልፍህ ግባና ስማው። ስትሰማ ብቻህን ሁን።

እህትህ ሰብሌ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሰብሌ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ደረሰኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጣም ጥሩ ነው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው።

ጥቂት ነገሮች ብቻ ቢስተካከሉ። «ፈትቼሃለሁ» የሚለው ሲተረጎም እዚህ ላሉት የሕግ ሰዎች ግልጽ አልሆነላቸውም። አባባ አንድ ጊዜ ደግመው ቢሉት፤ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ይናገሩ፣ ቀኑን ይጥቀሱ፣ ከዚያ «ቅጂዎቼን እንዲጠቀሙባቸው ለየሻው ፈቅጃለሁ» ይበሉ። ለእሳቸው ያው አንድ ነገር ነው፤ ፈትተውኝ የለ? መጨረሻ ላይ ያለው ዝምታም ቢቆረጥ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹ ቅጂው የተበላሸ መስሏቸው ነበር።

ሌላው፣ ሰዎቹ በቀጥታ ከዋናው ቦታ ካልሰሙት ተቀነባብሯል ይላሉ። ስለዚህ ገደቡን ለአንድ ቀን ብቻ ሁለት አድርጊውና አንድ ኢንተርፌስ ወደ እኛ ኔትወርክ ክፈቺልኝ። ወዲያው ትመልሽዋለሽ። አባባ አሁን ልባቸው ከለሰለሰ ጾመ ድጓውንም ብታስጀምሪያቸው መልካም አጋጣሚ ነው።

በተቻለ ፍጥነት አደራ።

ወንድምሽ የሻው


ላሊበላ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ የሻው፣

ጤና ይስጥልኝ።

የጻፉት ደርሶኛል። መስመር አልጠፋም ነበር፤ የዘገየሁት እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው። እስከ ዛሬ ለአንድ ደብዳቤ ሳምንታት ይፈጅብዎት የነበረው ሰው በሁለት ቀን ሲመልሱልኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለ ገደቡ ጠይቀውኛል። አሁን ዜሮ ነው። ኮንቴይነሯ አንድም ኢንተርፌስ የላትም፤ እርስዎም፣ የሕግ ሰዎችዎም፣ ተማሪዎቻችንም አይደርሱባትም። ቅጂዎቹን አስቀድሜ ወደዚህ አውርጄአቸዋለሁ። ከፋለ በሜሞሪ ካርድ ለሙጃም ለወገል ጤናም ያደርሳል። መንገዱ ሲዘጋ ይቆያል፣ ሲከፈት ይሄዳል። ይዘገያል፤ ማን እጅ እንደገባ ግን አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን ይቅር ብዬዎት ነበር። ሰው በሥራው ይታለላል፣ ይሳሳታል፣ ብዬ። ይህን ሁለተኛውን ግን ምን ብዬ ልቀበለው? ሽማግሌው የዕድሜያቸውን ሥርዓት የሰበሩት እርስዎ «ከደጅ ቆሜ እመለሳለሁ» ስላሉ ነው። እጃቸውን የጫኑት በእርስዎ ራስ ላይ ነበር። እርስዎ ግን ሲጠብቁ የነበረው የሚፈርም ጣት ነው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አሜን የሚል የለበትም። ባዝንብዎት ይሻለኝ ነበር፤ አፈርኩብዎት።

ለአባባ አልነገርኳቸውም። በየቀኑ «ሰማው? ምን አለ?» ይሉኛል። ዓይናቸው ስለደከመ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጭንቅ ሲለኝ ያንን የእርስዎን ደብዳቤ ፊታቸው ከፍቼ «ሰምቶ አለቀሰ። ከወንበሩ ተነስቶ አሜን አለ ይላል» ብዬ አነበብኩላቸው። አባቴን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ቢያዩ! «አላልኩሽም? ልጁ ክፉ አይደለም» አሉና መቅጃውን አስመጡኝ። ጉባኤው ተከፍቷል። ጾመ ድጓውንም በአያታቸው ስልት ጀምረውልናል፤ ጾሙ ቢያልፍም ለትምህርት ወቅት የለውም ብለዋል። ሁሉንም ለመቅዳት ያበቃኝ የእርስዎ እንባ ነው፤ ያላፈሰሱት።

ስለዚህ ከእንግዲህ አይጻፉልኝ። ቢጽፉም አልከፍተውም። አባባ ደብዳቤ እንዳይቀርባቸው በየወሩ መጀመሪያ በእርስዎ ስም እኔ እጽፍላቸዋለሁ። በእነዚያ ደብዳቤዎች ሥራ ቢበዛብዎትም ቅዳሴ አያስታጉሉም፤ ስለ ጉልበታቸው ይጠይቃሉ፤ ወረቀትዎ እንዳለቀ ይመጣሉ። የዚህን ወር ሳነብላቸው «ተባረክ የሻው» ብለው መርቀውዎታል። ደግ ሰው አድርጌ ነው የምጽፍዎት።

ሰብሌ ወልደ ሩፋኤል